«ነካ ያደርጋቸዋል» የሚባሉትን መቅረጽ፦ የዘጋቢ ፊልም የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

ከተማዋ ትንሽ ናት። ያላት አንድ ዋና መንገድ ነው። ከዳር እስከ ዳር በእግር ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ ወዲያ እርሻ ነው። ፊልሙ ስለ ሦስት ነዋሪዎቿ ነው። ከሦስቱ የአንዳቸው ስም በተነሳ ቁጥር የከተማው ሰው ያችኑ ቃል ይደግማል፦ «ትንሽ ነካ ያደርገዋል።»

አንደኛው በየቀኑ ዝናብ የሚለኩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛዋ መንገድ ላይ የወደቀ ጎዶሎ ጫማ እየለቀሙ አጥራቸው ላይ የሚሰቅሉ እናት ናቸው። ሦስተኛው ሌሊት ሌሊት ሬዲዮ እያዳመጠ የሰማውን የሚጽፍ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም።

ሁለት ነን። እኔ ካሜራ፣ ጓደኛዬ ድምፅ። የያዝነው አንድ ካሜራ፣ 24 እና 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ትራይፖድ፣ ሁለት ገመድ አልባ የደረት ማይክ፣ አንድ ሾትገን ማይክ ከነዘንጉ፣ የድምፅ መቅጃ፣ አራት ባትሪ፣ ሦስት ካርድ፣ ሁለት ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ነው። መብራት አላመጣንም። ሰው ቤት ገብቶ መብራት መትከል ያስጨንቃል።

የቦታ ሂሳብ፦ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ስንቀርጽ አንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይይዛል። ወደ 40 ሰዓት ብንቀርጽ 1800 ጊጋባይት። እያንዳንዱ ዲስክ አንድ ሙሉ ቅጂ ይችላል። ለጊዜው ይበቃል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ካሜራ አላወጣንም። ዝናብ ለኪው ሽማግሌ ባዶ እጄን ሲያዩኝ ገረማቸው። «ካሜራው የታለ?» አሉ። «ዛሬ አላመጣሁትም አባባ።» «እንግዲያው ምን ልትሠራ መጣህ?» «ልተዋወቅዎት።» ትንሽ አሰቡና ወንበር አወጡልኝ። ሦስቱ ቀናት ከቀረጻ ቀን ስለተቀነሱ ጓደኛዬ አጉረምርሞ ነበር። እኔ ግን ደግሜ ብሠራው እንዲያውም አምስት ቀን አደርገዋለሁ።

ሳምንት 2፦ ዝናብ ለኪው

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደጃቸው ደረስን። ልክ 1 ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ማስመሪያቸውን ይዘው ወጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ማስመሪያውን ጣሳው ውስጥ ቀጥ አድርገው ነከሩት። አወጡት። እርጥቡ ያለቀበትን መስመር በአውራ ጣታቸው ጥፍር ያዙና ወደ ብርሃን አዞሩት። ከዚያ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ማታ ላፕቶፕ ላይ ሳየው ደነገጥኩ። ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ሆኗል። አፍንጫቸው ገዝፏል፣ ጆሯቸው ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ዓይናቸው ፈጧል። በ24 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ግማሽ ሜትር ድረስ ተጠግቼ ነበር። ጥፋቱ የሌንሱ ብቻ አይደለም፤ የርቀቱ ነው። ያን ያህል ስትጠጋ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው በጣም ይቀርባል፣ ስለዚህ ይገዝፋል። ሁለት ሜትር ላይ ስትቆም ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። በዚያ ላይ እሳቸው ጎንበስ ሲሉ እኔ ቆሜ ከላይ ወደ ታች ቀርጬ ነበር። «ነካ ያደርጋቸዋል» የሚለውን ቃል ካሜራው ራሱ ተናግሮታል። እሳቸው ምንም አላደረጉም፤ ዝናብ ነው የለኩት።

ስለዚህ 24ቱን ለፊት መቅረጫ አልጠቀምም አልኩ። በማግስቱ 85 ሚሊ ሜትሩን ይዤ ሁለት ሜትር ተኩል ራቅሁ። ትራይፖዱን ዝቅ አደረግሁት፤ ሲቆሙ በዓይናቸው ልክ፣ ሲያጎነብሱ ደግሞ በጣሳው ልክ። ከዚህ ሌላ ሰው ፊት ዙሪያ ሁለት ሜትር የማይታለፍ መስመር ይሁን ተባባልን።

ድምፁም ተበላሽቶ ነበር። ግቢያቸው ነፋሻ ነው። የደረት ማይኩን ያለ ፀጉራም መሸፈኛ ሰክተነው ስለነበር ንግግራቸው በነፋሱ ጉርምርምታ ተውጧል። የመቅጃውን 80 ኸርዝ ማጣሪያ (ከዚያ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቀንሰውን) አበራነው፤ ትንሽ ረዳ እንጂ አላዳነም። ነፋስ ማይኩን ከመታው በኋላ ማጣሪያ ብዙም አያድን። መሸፈኛውን አደረግን፣ ማይኩን ከኮቱ ውጭ ሳይሆን ከሸሚዙ እጥፋት ሥር ደበቅን። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ከፍ ሲል −12 ዲሲቤል ግድም እንዲደርስ አድርገን እንቀዳለን። ሽማግሌው ሲስቁ ድንገት ድምፃቸው ይዘላል። ዜሮን፣ ማለትም የመቅጃውን ጣሪያ፣ አልፎ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ አይመለስም።

አሁን ወደሚገርመው። «ጣሳው ልኩ ትክክል መሆኑን በምን ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው ሞኝ እንዳይመስላቸው ፈርቼ ነበር። ቤት ገቡና ሁለት ጣሳ ይዘው ወጡ፤ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ። «ከላይም ከታችም እኩል ይሁን እንጂ ስፋቱ ግድ የለውም፣ ልጄ። ሰፊው ብዙ ይቀበላል፤ ግን በሰፊው ይተኛል። ጠባቡ ጥቂት ይቀበላል፤ በጠባቡ ይቆማል። ከፍታው ያው ነው።»

ከዚያ ሂሳቡን ሠሩልኝ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የቤታቸው ጣሪያ 40 ካሬ ሜትር ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ ሌሊት 21 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ነበር። ያ 840 ሊትር ይሆናል። በርሜላቸው 200 ሊትር ስለሚይዝ አራት በርሜል ሞልቶ ይፈሳል ማለት ነው። አራት በርሜል ነው ያላቸው። «አምስተኛ በርሜል እንደሚያስፈልገኝ ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር» አሉ።

31 ደብተር አላቸው፤ በየዓመቱ አንድ። አንድም ቀን ባዶ መስመር አላየሁም። ያልዘነበበት ቀን ላይ ሰረዝ ሳይሆን ዜሮ ይጽፋሉ። «ሰረዝ ካደረግሁ ሳልለካ ቀርቼ ይሁን ሳይዘንብ ቀርቶ በምን ይታወቃል?» አሉኝ። ይህን ያሉባትን ሾት በተመለከትኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ፎከሱ ትንሽ ሸሽቷል። ቢሆንም ፊልሙ ውስጥ ትገባለች።

ሳምንት 3፦ የጫማዋ እናት

አጥራቸው በቀትር አይቀረጽም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ጫማዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ ያኔ የእያንዳንዱ ጫማ እጥፋት፣ የተሰነጠቀው ሶል፣ የተበላው ተረከዝ ይለያል። አንድ የሕፃን ሰንደል አለ፣ አውራ ጣቱ ያረፈበት ጎድጎድ ብሎ ይታያል። እሱን ብቻ ለመቅረጽ አርባ ደቂቃ ወሰደብኝ። ነፋሱ ሲያሽከረክረው ፎከስ ይጠፋል።

እዚህ የሠራሁት ስህተት እስካሁን ከነበሩት ሁሉ ይከፋል። መጀመሪያ ቀን አንድ ጫማ ሲሰቅሉ ቀረጽኩ፤ ደረቴን ነፍቼ «እማማ፣ እስኪ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አልኳቸው፣ ከሌላ አቅጣጫ ለመያዝ። ደገሙልኝ። ለክሎዝ አፕ ሦስተኛ ጠየቅኋቸው። በሦስተኛው እጃቸው ቀስ አለ፣ ቀና ብለው ሌንሱን አዩና «እንዲህ ነው የምትፈልገው ልጄ?» አሉ። የመጀመሪያው ላይ ሥራቸውን እየሠሩ ነበር። ሦስተኛው ላይ ለእኔ እየተጫወቱ ነበር። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዛሬውኑ «አይገባም» የሚል ፎልደር ውስጥ ከተትኳቸው። ከእንግዲህ ማንንም ድገሙልኝ አልልም። ያመለጠ አመለጠ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። አዲስ ጫማ እስኪያገኙ አራት ቀን አብረናቸው መንገድ ለመንገድ ዞርን። በአምስተኛው ቀን ድልድዩ አጠገብ ጭቃ ውስጥ አንድ ግራ እግር ስኒከር አገኙ። ካሜራው የቀረው 11 ከመቶ ባትሪ ነበር። ትርፍ ባትሪው መኪና ውስጥ ነው። ሳላጠፋ፣ ሌላም ነገር ሳልነካካ ዝም ብዬ ያዝኩ።

ጫማውን አነሱ፣ ገለበጡት፣ ድንጋዩ ላይ ሁለቴ መቱት። ጭቃውን በእንጨት ፈቀፈቁ። ቤት ሲደርሱ በክር ቀዳዳው ውስጥ ሰማያዊ ክር አስገቡና አፉን ወደ ታች አድርገው ሰቀሉት። አፉ ወደ ላይ ከሆነ ውኃ ይይዛል፣ ይበሰብሳል። ሰማያዊው ክር በድልድዩ በኩል የተገኘ ማለት ነው። ቀይ የላይኛው መንገድ፣ ነጭ የእርሻው በኩል። የጠፋበት ሰው ከመጣ የት እንደጣለው ይጠይቁታል፤ ከክሩ ቀለም ጋር ይገጥም እንደሆን ያያሉ። እኔ ክሮቹን ጌጥ መስለውኝ ነበር።

«የሚመጣ ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው። «አንዱ የጠፋበት ሰው ሌላኛውን ቶሎ አይጥለውም። ቤቱ አስቀምጦ ያያታል። እኔም ይችኛዋን አቆያታለሁ።» ይህ ሾት 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ክሩን ቋጥረው ጨርሰው ነበር።

ሳምንት 4፦ ሬዲዮ ጠጋኙና ዲስኩ

ሬዲዮ ጠጋኙ የሚቀረጸው ሌሊት ብቻ ነው። ምክንያት አለው። ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ግድም ያለው የአየር ንብርብር ቀን ቀን በፀሐይ ኃይል ይሞላና የመካከለኛ ሞገድ ስርጭትን ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይጠፋል። ሞገዱ ከዚያ በላይ ያለው ንብርብር ላይ ነጥሮ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። ቀን ሹክሹክታ እንኳ የማይሰማበት ቁጥር ላይ ሌሊት የማያውቀው አገር ዜና ያነባል። እሱ ጣቢያውን፣ ሰዓቱን፣ የድምፁን ጥንካሬ ከ1 እስከ 5 እየሰጠ ይጽፋል። የሰማውን ቋንቋ ባያውቀውም ይጽፋል።

የመጀመሪያው ሌሊት ቀረጻ ሙሉ በሙሉ ባከነ። ጨለማውን ለመቋቋም ስሯሯጥ ሻተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/80 ሰከንድ ላይ ረስቼዋለሁ። አምፖሉ በ50 ኸርዝ መብራት ስለሚሠራ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፤ ካሜራው ግን ግድግዳው ላይ የሚንከባለሉ ጥቁር መስመሮች አድርጎ ይዞታል። 1/50 ወይም 1/100 ቢሆን ኖሮ አይታይም ነበር። በትንሿ ስክሪን ላይ አላየሁትም። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀረጻ ሄደ። አሁን ከመቅረጼ በፊት 10 ሰከንድ ቀርጬ ላፕቶፕ ላይ አያለሁ።

ለድምፁ ግን ጓደኛዬ ጥሩ ሠራ። የስልክ ቻርጀር ሁሉ ከሶኬት አስነቀለ፤ ሬዲዮው ውስጥ የሚያፏጨው እሱ ነበር። ከዚያ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ አንድ ደቂቃ ቀዳ። በየክፍሉ ይህን ያደርጋል። ኤዲቲንግ ላይ ሁለት ንግግር ስታገናኝ መሃሉ ባዶ ከሆነ ጆሮ ይነቃል፤ የክፍሉ ጸጥታ ነው የሚሸፍነው።

ሐሙስ ማታ አንደኛው ዲስክ ከጠረጴዛ ወደቀ። ሲሰካ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አይከፈትም። ካርዶቹን አጥፍተን ደግመን ተጠቅመንባቸዋል። ስለዚህ በዚያች ሌሊት የ26 ሰዓት ቀረጻ ያለው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ዲስኩን አቅፎ ነው ያደረው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለት አዲስ ዲስክና አንድ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማስቀመጫ) ገዛን። ከጠቅላላ በጀታችን አንድ ስድስተኛውን በላ። ሁለት የቀረጻ ቀን ሠረዝን። መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብን የታወቀው ደንብ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። አሁን አንደኛው ዲስክ በየሳምንቱ ከከተማዋ ወጥቶ ዘመድ ቤት ይቀመጣል።

ሳምንት 5

ሬዲዮ ጠጋኙ ከፊልሙ መውጣት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ቤተሰቦቹ ናቸው፤ «አንተን አይተው የሚስቁብህ አነሱና ነው?» ብለውታል። ፈርሟል፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ግን ስናስፈርመው ኤዲቲንጉ እስኪዘጋ ድረስ ሐሳብህን መቀየር ትችላለህ ብለነዋል። ይህን ቃል በጽሑፍም በካሜራም ይዘነዋል። ቃል ቃል ነው። የ6 ሰዓት ቀረጻ ወደ ጎን ተደረገ። ከሦስቱ ውስጥ ለካሜራ የሚቀለው እሱ ነበር፤ በጣም ከፋኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ ራሱ መጣ። «ፊቴ ካልታየ፣ ድምፄስ?» አለ። የሚሰጠን ድምፁንና የሬዲዮውን ድምፅ ነው። ጓደኛዬ በዚያው ሌሊት ከቤቱ ውጭ ቆሞ ከመስኮቱ የሚወጣውን ሬዲዮ ቀዳ። እኔ የከተማዋን ባዶ መንገድ ቀረጽኩ፤ አንድ አምፖል፣ አንድ ውሻ፣ የተዘጉ በሮች። ከፊቱ ይልቅ ይህ የበለጠ ስለ እሱ የሚናገር መሰለኝ። ኤዲቲንግ ላይ ይታያል።

ሳምንት 6 እስከ 9፦ ኤዲቲንግ

በጠቅላላ 38 ሰዓት። ላፕቶፑ ዋናውን ፋይል ስለማይችል ፕሮክሲ (ቀለል ያለ የፋይሉ ቅጂ) ሠራን፤ ሁለት ሌሊት ፈጀ። ንግግሩን ሁሉ ወረቀት ላይ ገለበጥን። ወረቀቶቹን ቆራርጠን ወለል ላይ ዘርግተን ቅደም ተከተሉን ያወጣነው ሾቶቹን ኮምፒውተሩ ላይ፣ ታይምላይኑ ውስጥ፣ ከመደርደራችን በፊት ነው። ይህ አሥር ቀን ወሰደ፣ ብዙ ድካም ቆጠበ።

የመጀመሪያው ቅጂ 94 ደቂቃ ሆነ። ከተማዋን ለማያውቁ አራት ሰዎች አሳየናቸው። ሳቁ። እኔ ባልፈለግሁት ቦታ ሳቁ። ዝናብ ለኪው ጎንበስ ሲሉ፣ እማማ ጫማውን ድንጋይ ላይ ሲመቱ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እነዚህ ሰዎች በራቸውን የከፈቱልኝ ለዚህ አይደለም።

ጠዋት የሳቁበትን ቦታ በሰከንድ ቆጥሬ ጻፍኩ። ሦስት ምክንያት አገኘሁ።

የመጀመሪያው የልጅ ፊት ነው። ሽማግሌው ማስመሪያውን ሲያወጡ የጎረቤት ልጅ ሲስቅ የሚያሳይ ሾት አስገብቼ ነበር። ልጁ የሳቀው በሌላ ቀን፣ በሌላ ነገር ነው፤ ጓደኛዬ ዘንጉን ሲያነሳ ቆቡ ወድቆ። የሩሲያው ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ያው ፊት አጠገቡ በተቀመጠው ምስል የተነሳ ሌላ ስሜት ይሰጣል። እዚህ ደግሞ በተገላቢጦሽ ሠራ። የልጁ ሳቅ ሽማግሌውን መሳቂያ አደረጋቸው። ማንም አልዋሸም ይመስላል፤ ሁለቱም ሾት እውነተኛ ነው። ማያያዙ ግን ውሸት ነበር። አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ሙሉ ታይምላይኑን ፈትሼ በሌላ ሰዓት የተቀረጸ የሰው ፊት ለማንም ንግግር መልስ ሆኖ እንዳይገባ አደረግሁ። ሰባት ቦታ ተገኘ።

ሁለተኛው ሙዚቃ ነው። እማማ ላይ ፈንጠር ፈንጠር የሚል የክር ሙዚቃ ነበረ። ሙዚቃው «እዩዋት» ይላል። ጠፋ፤ በምትኩ የጫማዎቹ በነፋስ መጋጨት አለ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይረዝማል፤ የመልስ መቆረጥ ነው። ለፍጥነት ብዬ «ሰረዝ አላደርግም፣ ዜሮ ነው የምጽፈው» የሚለውን ይዤ ምክንያቱን ቆርጬዋለሁ። ምክንያቱ ሲቆረጥ ግትር ሽማግሌ ይቀራል። ምክንያቱ ሲመለስ ጠንቃቃ ለኪ ናቸው። 19 ሰከንድ ነው ልዩነቱ። የሁለቱንም ሙሉ መልስ መለስኩ፣ ሲያስቡ ዝም ያሉበትንም ጭምር። ቦታ ለማግኘት የከተማዋን የመግቢያ ሾቶች፣ ከላይ የተቀረጸውን ሁሉ፣ የራሴን ትረካ አወጣሁ። ትረካው በመውጣቱ ምንም አልጎደለም።

አሁን 52 ደቂቃ ነው። ለሌሎች አራት ሰዎች አሳየን። አንዴ ሳቁ፤ ሽማግሌው ራሳቸው ስለ አምስተኛው በርሜል ሲስቁ፣ አብረዋቸው።

የሬዲዮ ጠጋኙ ክፍል 7 ደቂቃ ሆነ። ባዶ መንገድ፣ የሬዲዮው ሹክሹክታ፣ ድምፁ። ድምፁን በአጠቃላይ ለቴሌቪዥን በሚባለው የድምፅ ጉልህነት ልክ፣ −23 ኤልዩኤፍኤስ ላይ አስቀመጥነው። ሬዲዮው ከንግግሩ እንዳይበልጥ ጓደኛዬ አራት ጊዜ ደጋግሞ ሚክስ አደረገው።

ሳምንት 10፦ ለባለቤቶቹ ማሳየት

እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳያዊው ፊልም ሠሪ ዣን ሩሽና የማኅበረሰብ አጥኚው ኤድጋር ሞረን ፓሪስ ውስጥ ሰዎችን ቀርጸው፣ በመጨረሻ ቀረጻውን ለራሳቸው ለሰዎቹ አሳይተው ያሉትንም ፊልሙ ውስጥ አካተዋል። እኛ አስተያየቱን ፊልሙ ውስጥ አናስገባም። ግን ከስምንቱ የሙከራ ተመልካቾች በቀር ከባለቤቶቹ በፊት ማንም እንዳያየው ወስነናል። አንድ ነጭ አንሶላ፣ የተዋስነው ፕሮጀክተር፣ አንድ ስፒከር። ቦታው የዝናብ ለኪው ሳሎን።

እማማ አንድ ነገር እንዲወጣ ጠየቁ፤ የመኝታ ክፍላቸው በር ክፍት ሆኖ የሚታይበት 6 ሰከንድ። አወጣነው። የሕፃኑ ሰንደል ሲመጣ «ይችን ያገኘኋት ዝናብ ባበቃ ማግስት ነው» አሉና ዝናብ ለኪውን ዞረው አዩዋቸው። ሁለቱ አንድ ከተማ እየኖሩ ከዚህ በፊት ብዙ ተነጋግረው አያውቁም። ሽማግሌው የቱ ዓመት እንደነበር ጠየቋቸው፣ ተነስተው ደብተር ማገላበጥ ጀመሩ። ፊልሙን አቆምኩት። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቅን።

ሬዲዮ ጠጋኙ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የእሱ ክፍል ሲያልቅ ምንም አላለም። ሲወጣ የጓደኛዬን እጅ ጨብጦ «ሬዲዮዋ በደንብ ተሰምታለች» አለው።

ዝናብ ለኪው ግን ስህተት አገኙብን። የበርሜሉ ታሪክ ላይ ስክሪኑ ላይ የጻፍነው ቁጥር 12 ሚሊ ሜትር ይላል። «ይሄ አይሆንም» አሉ። «12 በ40 ስታባዛው 480 ነው። ሁለት በርሜል ተኩል እንኳ አይሞላም። እኔ አራት ሞልቶ ፈሰሰ ብያለሁ።» እኔ ሃምሳ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጓደኛዬም እንደዚያው። ስጽፍ ቁጥሩን ገልብጬዋለሁ።

ደብተሩን አስወጣኋቸው። ገጹን ፎቶ አነሳሁ፣ 21 ይላል። ማታውኑ ጽሑፉን አስተካክዬ ደግሜ ኤክስፖርት አደረግሁ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ይዤ ደጃቸው ሄድኩ። መጀመሪያ ጣሳውን ለኩ፣ ዜሮ ጻፉ፣ ከዚያ ስክሪኑን አዩ።

«አሁን ልክ ነው» አሉ።